ቴሌቪዥኑ የሚያውቀው እግር

አናጢው ጡረታ ከወጣ ወዲህ የሚያወራው ሰው እያነሰ፣ እያነሰ ሄዶ በመጨረሻ ከቴሌቪዥኑ ጋር ቀረ። እሱንም ቢሆን የሚያናግረው እየተቆጣ ነው።

«ደግሞ መጣህ!» ይለዋል፣ ፊልሙ ልብ አንጠልጣይ ቦታ ላይ ሲደርስ ተቆርጦ ማስታወቂያ ሲገባ። «እንግዳ እንኳ ሲመጣ ያንኳኳል!»

የድሮው ቴሌቪዥን ማስታወቂያውን አሳይቶ ዞር ይል ነበር። ይኼ ኢንተርኔት የሚጠጣው ግን አያፍርም። ሲከፍቱት ማስታወቂያ፣ ለአፍታ ሲያቆሙት ማስታወቂያ፣ ድምፁን ሲቀንሱበት ደግሞ በጽሑፍ። ግድግዳው ላይ የሰቀለችለት ልጁ ናት፤ ያኔ ገና አልተኳረፉም።

ልጁን ብቻውን ነው ያሳደጋት። እናቷ ከሞተች በኋላ በእንጨት ፍቅፋቂ መሃል ስትድህ፣ ስትሄድ፣ ስትሮጥ አያት። ወርክሾፑን ትረከበኛለች ብሎ ሲጠብቅ ሌላ ከተማ ሄዳ ቢሮ ገባች።

«ዕድሜሽን የሰው ዕቃ ስታሻሽጪ ልትኖሪ?» አላት። ቃል ቃልን ወለደ። ከዚያ በኋላ ደወለች፤ አላነሳም። ደጋግማ ደወለች፤ አላነሳም። በኋላ እሷም ተወችው። አሁን ለማንሳት ቢዘጋጅም የሚደውል የለም።

ነገሩ መከንከን የጀመረው ብርዱ ሲገባ ነው።

«ክንድዎን ወደ ላይ ማንሳት ያስቸግርዎታል?» አለ ቴሌቪዥኑ አንድ ከሰዓት። «ከፊት የሚቆለፍ ሹራብ አለልዎ!»

አናጢው በድንጋጤ ብርጭቆውን አስቀመጠ። ገና ሥራ ላይ ሳለ ከጣሪያ ከወደቀ ጀምሮ ቀኝ ክንዱ ከትከሻው በላይ አይሄድም። ሹራብ ሲያወልቅ በሩን ዘግቶ ያቃስታል እንጂ ለማንም ትንፍሽ ብሎ አያውቅም።

ቀጥሎ በብርድ ለሚያብጥ ጉልበት መጠቅለያ መጣ። «አጋጣሚ ነው» አለ፣ ያበጠውን ጉልበቱን እያሻሸ። ከዚያ ግን ጫማው መጣ።

«አንዱ እግርዎ ከሌላው ይሰፋል? ግራውን በግራው ልክ፣ ቀኙን በቀኙ ልክ ይግዙ!»

አሁን ፈራ። ግራ እግሩ ከቀኙ ይሰፋል። ጫማ የሚገዛው በሰፊው ልክ ነው፤ በቀኙ ጫማ ጫፍ ጥጥ ይጠቀጥቃል።

ይህን የነገራት ለጎረቤቱ ነው። ጎረቤቱ የስልክ ኦፕሬተር የነበረች ባልቴት ናት፤ የሰው ወሬ ከሰው ጋር ስታገናኝ ነው ያረጀችው። ከሰዓት ከሰዓት ሻይ ልትጠጣ ትመጣለች፤ ድንገት ቢታመም ብላም የቤቱን ትርፍ ቁልፍ ይዛለታለች።

«ጋሼ፣ ድሮ ግድግዳም ጆሮ አለው ይባል ነበር» አለችው። «ዘንድሮ ዓይንም አውጥቷል። ያስነቅሉት።»

ቴክኒሻን አስመጣ። ቴክኒሻኑ ቴሌቪዥኑን አገላብጦ አየና ሳቀ።

«አባባ፣ ይኼ ማይክም ካሜራም የለው። ምን ሰምቶ፣ ምን አይቶ ያሳጣዎታል?»

«ታዲያ እግሬን ከየት አወቀው?»

«እንግዲህ እርስዎን የሚያውቅ ሰው ነግሮብዎት ይሆናላ» አለ ቴክኒሻኑ ለቀልድ፤ ከዚያም ማስታወቂያ የማያውቅ የዲስክ ማጫወቻ ሰኞ ይዞ ሊመጣ ቀጥሮ ሄደ።

አናጢው ግን አልሳቀም። የሚያውቀኝ ሰው ማን አለ? ብሎ በልቡ ዞረ፤ ዞሮም የደረሰው አንድ ሰው ዘንድ ብቻ ነው። ቁልፍ አላት። ጫማው የሚቀመጠው በሩ ሥር ነው። ያልጠረጠረ ተመነጠረ!

«እትዬ፣ ቁልፌን ይመልሱልኝ» አላት ለሻይ ስትመጣ።

«ምነው? ምን አጠፋሁ?»

«ወሬ ማቀበል የለመደ ሰው ጡረታ ቢወጣም አያርፍም ብዬ ነው።»

ባልቴቷ ነገሩ ቶሎ አልገባትም። ሲገባት ፊቷ ተለዋወጠ። ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች፤ ሻይዋን ሳትጨርስ ወጣች።

ሰኞ ቴክኒሻኑ መጥቶ ኢንተርኔቱን ነቀለ፤ የድሮ ፊልም የሞላበት ከረጢትም ሰጠው።

«በቃ፣ ከእንግዲህ ማንም አይገባብዎትም።»

እውነትም ማንም አልገባም። አናጢው ፊልሙን ከዳር እስከ ዳር፣ አንዴም ሳይቆረጥ አየ። ደስ አለው። በማግስቱ ሌላ አየ። ፊልሙ ሲያልቅ መስታወቱ ይጠቁርና የራሱ ፊት ይታየዋል። ጉልበቱ አበጠ፤ ጠቅልለው ያለው የለም። ከሰዓት ሲሆን ሁለት ብርጭቆ አውጥቶ አንዱን መለሰ።

ለራሱም የገረመው፣ ማስታወቂያዎቹ ናፈቁት። ሌባም ይሁን ሻጭ፣ እግሬ እንዴት እንደዋለ የሚጠይቅ እሱ ነበር አለ።

አንድ ጊዜ እስከ ባልቴቷ በር ሄዶ እጁን አነሳ። ሳያንኳኳ ተመለሰ።

ሐሙስ ከሰዓት በሩ ተንኳኳ። ማንኳኳት አይደለም፣ ድብደባ ነው። እሷ ናት፣ ተቆጥታ መጣች አለ፤ ደስም አለው፣ ሰጋም። «ይቅርታ እትዬ፣ የብቸኛ ሰው ክፉ ሐሳብ ነው» የሚለውን በአፉ እያመላለሰ በሩን ከፈተ።

ባልቴቷ አይደለችም። ሻንጣዋን ደረጃው ላይ ጥላ፣ ትንፋሽ አጥሯት የቆመችው ልጁ ናት። ፊቱን በሁለት እጇ ይዛ ዳበሰችው፤ ሙቀቱን ነው የምትፈልገው።

«አባዬ» አለችው እያለቀሰች፣ «ከሰኞ ጀምሮ ከቢሮዬ የምልክልህን ማስታወቂያ የሚያይልኝ ሳጣ፣ የሞትክ መስሎኝ ነው።»