እናቱን በፈጣን ኢንተርኔት የጠየቀው ልጅ

ጠጋ በሉ ልጆቼ... ጠጋ በሉ፤ ዛሬ በጣም ተናድጄ ነው የማወራችሁ።

ነሐሴ ነው። ዝናቡ የቡታጅራን መንገድ አጨቅይቶታል፤ አረፋ ሊገባ አራት ቀን ቀርቶታል።

ሀያቱ ቤቷ ውስጥ ላፕቶፕ ፊት ለፊት ተቀምጣለች። አጠገቧ ሰማን ቆሟል፤ የኢንተርኔት መስመር የሚጠግን ሰው ነው። ሲመጣ ይሄ ሦስተኛው ነው።

«እማማ፣ አሁን ደግሞ ምን ሆነ?» አላት።

«እኔ ምን አውቄ... ልጄ ነው ያስጠራህ። ፊታችሁ አይታየኝም ብዬው ነው።»

ልጇ ሳላሀዲን ነው። መርካቶ ሱቅ ያለው፣ የሞላለት ነጋዴ። ባሏ ከሞተ ወዲህ ያላት እሱ ብቻ ነው።

ያኔ የኢሕአዴግ ጊዜ ነው፤ ቤቱ ኢንተርኔት ያስገባ ሰው በሰፈሩ በጣት ይቆጠራል። ሳላሀዲን ግን ለእናቱ ካለው ሁሉ ፈጣኑን አስገባላት።

ለማን? ...ፊደል ላልቆጠረች፣ ብቻዋን ለምትኖር እናት።

ለምን በሉኛ።

ከሁለት ዓመት በፊት ሴት ልጅ ወለደ፤ ባሂራ አላት። ሀያቱ፣ «ልጄ፣ ለአረፋ ይዘሃት ና፤ ፊቷን ልየውና ዱዓ ላድርግላት» ብላ ለመነችው።

በኛ አገር እኮ ለአረፋ የማይመጣ ልጅ የለም። አዲስ አበባ ያለው፣ ሀዋሳ ያለው፣ ሚኒባስ ላይ ተጣቦ ይመጣል። የቤቱ ትልቅ ሰው እጁን ዘርግቶ ካልመረቀ በዓሉ በዓል አይባልም።

ሳላሀዲን ግን ሱቁን አሳበበ። መንገዱ ለሕፃን ይከብዳል አለ። በመጨረሻ እንዲህ አላት...

«እማ፣ ፈጣን ኢንተርኔት አስገባልሻለሁ። ቁጭ ብለሽ ታያታለሽ፤ አጠገብሽ ያለች ነው የሚመስልሽ።»

የሚመስልሽ... ወይ ጉድ።

ከአዲስ አበባ ቡታጅራ እኮ የግማሽ ቀን መንገድ እንኳ አይሞላም።

አንዱ አረፋ መጣ፤ በስክሪን መረቀችው። ሁለተኛውም መጣ፤ እሱም በስክሪን አለፈ።

«ልጄ፣ ፊታችሁ ጭጋግ ሆነብኝ» አለችው አንድ ቀን።

ፍጥነቱ አንሶ ነው አለና አስጨመረ።

ከወራት በኋላ ደግሞ የባሂራን ጥላዋን እንጂ መልኳን መለየት እንዳቃታት ነገረችው። አሁንም አስጨመረ።

ጎረቤቷ አሚኔ ናት ላፕቶፑን የምትከፍትላት። ይሄ መስመር ለሆቴል ይበቃል፣ አንቺ ግን «አሰላሙ ዓለይኩም» ለማለት ብቻ ታውዪዋለሽ እያለች ትቀልድባታለች። እውነቷን ነው። የሚጠቀምበት አጥሩን ተደግፎ በስልኩ ኳስ የሚያይ የሰፈር ጎረምሳ ነበር።

እና ሰማን ለሦስተኛ ጊዜ የመጣ ቀን...

ሳላሀዲን ባሂራን አቅፎ ስክሪኑ ላይ ቀርቧል። ሰማን መስመሩን ሊለካ የኢንተርኔቱን ሳጥን ነቀለው። ጥሪው ተቋረጠ፤ ስክሪኑ ጠቆረ።

ሀያቱ ግን አንገቷን አስግጋ ፈገግ እንዳለች ናት።

«ማሻአላህ... እዩዋት እንዴት እንዳደገች» ትላለች።

ሰማን አጠገቧ ወደተቀመጠችው አሚኔ ዞረ። አሚኔ አቀረቀረች።

ቀስ ብሎ እጁን በሀያቱ ፊት አወዛወዘ... ዓይኗ አልተርገበገበም።

ገባችሁ ልጆቼ? መስመሩ ከመጀመሪያውም ምንም አልነበረበትም።

አሚኔ እንባዋን መያዝ አቃታት። የሀያቱ ዓይን ከደከመ ዓመት አልፎታል አለች። ሐኪም ቤት ልውሰድሽ ብላ ስንት ጊዜ ለምናታለች፤ የዓይን ሐኪሙ እዚያው ከተማው ውስጥ ነው፣ በባጃጅ ሁለት እርምጃ ነው። ሀያቱ ግን ለማንም እንዳትናገር አስምላታለች።

«መርካቶ ሱቅ ያለው ልጅ እያለኝ ጎረቤት እጄን ይዞ ሲመራኝ ሰው ካየ፣ የልጄ ስም ምን ይሆናል? ለአረፋ ሲመጣ እሱ ይወስደኛል» ብላ።

እሷ ለስሙ ብላ ጨለማ ውስጥ ተቀመጠች... እሱ ሜጋ ይጨምራል።

ሰማን ስልኩን አንስቶ ደወለለት። ሳላሀዲን ሰላምታውን እንኳ ሳይጨርስ ከዚህ የሚበልጥ ፍጥነት ካለ አስገባልኝ፣ ዋጋው አያሳስብህ አለ።

«ወንድሜ» አለው ሰማን፣ «ጥሪው ከተቋረጠ ቆየ። እናትህ ግን እስካሁን የጠፋ ስክሪን እየመረቀች ነው። አታይም። መጥተህ እጇን ያዝ።»

ሳላሀዲን በማግስቱ ረፋድ ላይ ቡታጅራ ነበር።

ሁለት ዓመት አልገፋ ያለው መንገድ በአንድ ጠዋት ተገፋ... ደሜን የሚያፈላው ይሄ ነው።

ጉልበቷን ይዞ፣ «እማ፣ ለምን አልነገርሽኝም?» አላት።

«ነገርኩህ እኮ ልጄ። አይታየኝም አልኩህ። አንተ መድኃኒቱን ለሳጥኑ ገዛህለት።»

ያኔውኑ እጇን ይዞ ወደ ዓይን ሐኪሙ ወሰዳት።

ሐኪሙ የአንዱን ዓይኗን ሞራ አነሳላት። ሌላኛውን የዓይን ግፊት በልቶታል፤ ዓመት ቀድማ ብትመጣ ሊተርፍ ይችል ነበር አለ።

ሀያቱ ባሂራን በአንድ ዓይኗ አየቻት። ሳላሀዲን አሁን በየአረፋው ልጁን ይዞ ይመጣል። እናቱ ይቅር ብላዋለች፤ እኔ አልቻልኩም። ፈጣኑን መስመር አስነስቶ ትንሹን አስቀረ፤ የአሚኔ ልጅ ሳቢሪን ትምህርቷን ታይበታለች፣ ከበቂም በላይ ነው ትላለች። ሰማን ሥራው ወደ ጉብሬ ወስዶታል። አሚኔ ያንን መሐላ ቀድሜ ባፈርሰው ኖሮ እያለች እስከዛሬ ትቆጫለች።

ኢንተርኔት አታስገቡ አላልኩም ልጆቼ። የሚማርበት ካለ፣ የሚሠራበት ካለ ይግባ። ግን ሳጥን ከመግዛታችሁ በፊት እዚያ ቤት ምን እንደጎደለ በእግራችሁ ገብታችሁ እዩ። የሰው ቤት ከሩቅ አይታወቅም።

እስቲ ሳትዋሹ ጻፉልኝ...

ለወላጆቻችሁ ፈጣን መስመር ያስገባችሁት እነሱ ፈልገውት ነው... ወይስ እናንተ ላለመሄድ?