ስድስተኛው ዙር

«አባት፣ መቼ ነው የጀመራቸው?» ይለኛል የአምቡላንሱ ነርስ። እሱ የሚስቴን የኢርማን ክንድ በጎማ ያስራል፤ እኔ ጥግ ላይ ኩርምት ብዬ የነጥብ ደብተሯን ታቅፌያለሁ። መኪናው ከስታዲየሙ ግቢ ገና አልወጣም።

«አሁን ነው» እላለሁ። «ሕዝቡ ብድግ ሲል እሷ ከመቀመጫዋ ተንሸራተተች።»

«ከዚያ በፊት ደህና ነበሩ?»

«ደህና ነበረች» እላለሁ፣ ዐይኔን በጨው አጥቤ።

ስልኩን በትከሻውና በጆሮው መሃል ሸጉጦ ለሆስፒታሉ ይናገራል፦ ሰባ አንድ ዓመት፣ ቀኝ ጎናቸው አይታዘዝም፣ አፋቸው ተጣሟል፣ መናገር አልቻሉም፣ ከጀመራቸው ሃያ ደቂቃ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ ያጽናናኛል። አንጎል ውስጥ የረጋ ደም የሚያሟሟ መርፌ አለ፤ ሕመሙ ከጀመረ በአራት ሰዓት ተኩል ውስጥ ከተሰጠ ብዙ ሰው ያተርፋል፤ ካለፈ ግን መርፌው ራሱ ደም አፍስሶ ሊገድል ይችላል። እናንተ ቶሎ ስለደረሳችሁ ዕድለኞች ናችሁ ይለኛል።

እዚህ አሜሪካ፣ ዱሉዝ ከተማ ውስጥ የቤዝቦል ቡድናችን የጀልበኞቹ ደጋፊ ሆኖ ዕድለኛ የተባለ ሰው መቼም እኔ የመጀመሪያው ነኝ። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ዋንጫ አላየንም። ሜዳችን የሐይቁ ጎረቤት ስለሆነ ሌላው አገር በሚሞቅበት በሐምሌ እንኳ ብርድ ልብስ ይዘን ነው የምንገባው፤ የእንጨት ወንበሩ ወገብ ይቆርጣል፤ ጣሪያው በዘነበ ቁጥር እኛ ላይ ያፈሳል። እኔና ኢርማ ግን የትዳራችንን ግማሽ ያሳለፍነው እዚያ ነው፣ ሯጮቹ ነጥብ ለማግባት ከሚረግጧቸው ቤዞች ከሦስተኛው ጀርባ፣ አሥራ አንደኛው ረድፍ ላይ። ቤተ ክርስቲያንን እንኳ የዚያን ያህል አልወደድኩም፣ ይቅር ይበለኝ።

ኢርማ እያንዳንዷን ኳስ በእርሳስ ትመዘግባለች። የራሳችን ተጫዋች ኳስ ካመለጠው ስህተት ነው ብላ ትጽፍበታለች እንጂ አታዳላም። ከኋላችን የሚቀመጠው ወፍራሙ ሮዋን «ኢርማ፣ አንቺ ግን የማን ደጋፊ ነሽ?» ሲላት «የእርሳሴ» ብላ ኩም ታደርገዋለች።

ዛሬ የዋንጫው ቀን ነበር። ዘጠኝ ዙር ላይ የሚያበቃው ጨዋታ እኩል ለእኩል እየሆነ አሥራ ዘጠኝ ዙር ሄደ፤ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ተኩል ተጀምሮ ምሽት አንድ ሰዓት ላይ ነው ያለቀው። እኛ ረድፍ ላይ ደግሞ ሕግ አለ፦ ነገሩ በጎ መሄድ ከጀመረ ማንም ከተቀመጠበት አይነሣም። ሽንት የወጠረው ይወጥረው። ቦታ የቀየረ ሰው የቡድኑን ዕድል ያበላሻል። በዚህ አምን ነበር። አሁንም ሳላምን አልቀርም፤ ጉዱ ይሄ ነው።

ደብተሩን እገልጣለሁ። እስከ አምስተኛው ዙር ድረስ ጽሕፈቷ እንደ ሁልጊዜው ጥርት ያለ ነው። ስድስተኛው ላይ ቁጥሮቹ ከሳጥናቸው መውጣት ይጀምራሉ። ስምንተኛው ላይ እርሳሱ ይጎተታል። ከአሥረኛው ወዲህ በግራ እጇ ነው የጻፈችው፤ ከአሥራ አራተኛው በኋላ ያለው ጭረት ብቻ ነው። ይህን ጭረት ገና አሁን አይደለም የማየው።

በስድስተኛው ዙር ሁለት ተጫዋቾቻችን ቤዝ ላይ ቆመው ሳለ «ኤይኖ፣ እጄን የሆነ ነገር አደረገኝ፤ እስቲ ትንሽ ልንቀሳቀስ» አለችኝ። ዐይኔን ከሜዳው ሳልነቅል ጉልበቷን ያዝኩና «አትነሺ፤ አሁን እንዳትነሺ» አልኳት። ሳቀችና ተቀመጠች። ሁለቱም ሮጠው ነጥብ አገቡ፣ እኩል ሆንን። «አየሽ?» አልኳት። የሜዳው ትልቅ ሰዓት ስምንት ከሩብ ይላል። ከዚያ በኋላ ዝም ስትል ጨዋታው ይዟት ነው አልኩ። እርሳሱን ወደ ግራ እጇ ስታዛውር አየኋት። አየኋትና ወደ ሜዳው ዞርኩ።

እውነቱን ብናገር መርፌውን አይሰጧትም። ዝም ብል መርፌው ሊገድላት ይችላል። እኔን ግን ከሁለቱም ይልቅ ያስፈራኝ ይህ ሰው ሥራዬን ማወቁ ነው። አፍራለሁ፤ ሚስቴ እዚህ ተዘርግታ ለራሴ ስም እጨነቃለሁ።

«ስምንት ሰዓት ከሩብ» እላለሁ።

«ምኑ?»

«የጀመራት። እጄን አለችኝ። አትነሺ ያልኳት እኔ ነኝ።» ደብተሩን ዘርግቼ አሳየዋለሁ።

አንዴ ገጹን፣ አንዴ ሰዓቱን ያያል። በጣቱ መቁጠር አላስፈለገውም። እንደገና ይደውልና መርፌውን ተዉት፣ አምስት ሰዓት አልፏቸዋል ይላቸዋል። ሌላ ዘዴ ካለ ሐኪሞቹ እዚያ ያዩታል ይለኛል፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። ቀጥሎም «ደግ አደረጉ የነገሩኝ» ይለኛል። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

መኪናው ተገትሯል። መንገዱን የሞላው ሰው እየተቃቀፈ ይጨፍራል፤ ሾፌሩ አሳልፉን እያለ ይለምናል። ኢርማ ግራ እጇን ከብርድ ልብሱ ታወጣና እጅጌዬን ትይዛለች። ልትወቅሰኝ መስሎኝ አንገቴን እደፋለሁ። እሷ ግን የምታየው ደብተሩን ነው፣ የመጨረሻውን ባዶ ሳጥን። የመጨረሻዋ ኳስ ስትመታ እሷ ወለሉ ላይ ነበረች። ደግሞም የሰው ጩኸት ሰምታ ውጤት አምና አታውቅም።

«አሸነፍን» እላታለሁ።

ግማሽ ፊቷ ይስቃል።