ሁለት መቶ አንደኛዋ ልጅ

የሺመቤት የሕፃናትን አእምሮ ማጥናት ስትጀምር፣ ባልደረቦቿ የሆኑ ወንድ መምህራን «ልጅ ማጫወትም ምርምር ሆነ?» ብለው ስቀውባት ነበር። ዛሬ ሁለት መቶ ሕፃናት ፈትና መጽሐፏን ለመጨረስ የቀረቻት የአራት ዓመቷ ኤልዳና ብቻ ናት። ሁለት ብርጭቆ ውሃ አሳየቻት።

«የቱ ይበልጣል?»

«እኩል ናቸው።»

አንዱን ወደ ረጅም ጠርሙስ ገልብጣ «አሁንስ?» አለቻት።

ልጅቷ የሺመቤትን ትክ ብላ አየችና «ረጅሙ» አለች።

የሺመቤት ለሌሎቹ ሕፃናት ሁሉ እንደጻፈችው «ገና አልገባትም» ብላ ጻፈች። ደስ ብሏት ልጅቷን ለእናቷ አስረክባ ዞር ስትል፣ ኤልዳና ስታንሾካሹክ ሰማች።

«እማዬ፣ ውሃውማ ያው ነው። ቲቸሯ ግን አልገባትም መሰለኝ፣ ደግማ ጠየቀችኝ። ስታሳዝነኝ ጊዜ ደስ ይበላት ብዬ ረጅሙ አልኳት።»

የሺመቤት ረቂቁን መሳቢያ ውስጥ ቆልፋ፣ ለሁለት መቶዎቹ ሕፃናት ወላጆች መደወል ጀመረች።