ከግድግዳው ማዶ

ልጃቸው ለመጨረሻው የመለያ ምት ኳሷን ሲያመቻች ጋሽ ኤርጃቦ ቴሌቪዥኑን ትተው ጆሯቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። በሆሳዕና መናኸሪያ ከተቀመጡበት ሻይ ቤት ይልቅ ከግድግዳው ማዶ ያለው የጎረቤቱ ካፌ ስርጭት በአምስት ሴኮንድ ይቀድማል፤ ጎል መግባቱ የሚታወቀው መጀመሪያ ከዚያ በሚመጣው ጩኸት ነው። ልጁ ካገባ ብሔራዊ ቡድኑ በአፍሪካ ዋንጫ ወደ ሩብ ፍጻሜ ያልፋል፤ ከሳተ ቡድኑ ነገ ሻንጣውን ይዞ ወደ አገር ቤት ነው።

ከማዶ ምንም አልተሰማም።

«ሳተው» አሉ። ልጁ ገና እየተንደረደረ ነበር።

«ኧረ ጋሼ፣ ይቀመጡ!» ቢሏቸውም አብረዋቸው የሚያዩት፣ ሲስት ላለማየት ሊወጡ ተነሡ።

በሩ ላይ ሳሉ ከኋላቸው «ጎል!» የሚል ጩኸት ፈነዳ፤ ወንበር ተገለበጠ። ደርቀው ቀሩ። የጎረቤቱ ካፌ ባለቤት እየሮጠ መጣ።

«ጋሼ፣ ሁላችንም ዓይናችንን ጨፍነን ስንጸልይለት አመለጠን! እንዴት አድርጎ አገባው?»

«እኔንም አመለጠኝ» አሉ ጋሽ ኤርጃቦ፤ «ያውም ዓይኔን ገልጬ።»