የበረሃው ስፌት

ልብስ ሰፊዋ የአየር ኃይሉን ሙዚየም በሚደግፈው ማኅበር በነፃ ማገልገል ከጀመረች ቆይታለች። ዛሬ ግን የማኅበሩ ጓደኞቿ ከበረሃ አግኝተው ያመጡላት ጨርቅ፣ የታተመበት ቁጥር እንደሚያሳየው፣ የሟች አብራሪ ባሏ ፓራሹት ነው።

"ፓራሹቱ ሳይከፈት ወደቀ፤ አልተሰቃየም" ብለው ነበር ያኔ ያረዷት። ደረቷን ደቅታ፣ ተዝካሩን ደግሳ፣ እርሟን አውጥታለች።

ጠረጴዛ ላይ ስትዘረጋው ግን ጨርቁን ተቀዶ እንደ ድንኳን ተሰፍቶ አገኘችው። ስፌቱን በጣቷ ተከተለችው፤ ጠማማ ነው፣ በየጫፉም ሦስቴ ተቋጥሯል። ድሮ ቁልፍ መትከል ስታስተምረው፣ "እንዳይፈታ ነው" እያለ ሦስቴ ሲቋጥር ትስቅበት ነበር።

"እህቴ፣ ይሄን ዝብርቅርቅ ፈትተሽ እንደ አዲስ ስፊልን" አሏት ሊቀመንበሩ፣ ጡረተኛው ኮሎኔል።

መቀሱን አስቀመጠች።

"በሕይወት ሆኖ ሲጠብቀን ነበር እኮ።"