ከላይ የመጣው ጥቁር ውሃ

ቅዳሜ ጠዋት ተሻለች ከአሰላ ገበያ በታች በሚያልፈው ትንሽ ወንዝ ዳር ነጭ ቀሚሷን በእንዶድ ታጥብ ነበር። ባሏ ወልደሰንበት ከእሷ ዝቅ ብሎ በቅሎውን ያጥባል። ከማዶ ጎረቤታቸው ዙሀራ ምንጣፍ ትደበድባለች።

«አያ ወልደሰንበት፣ ለበቅሎዎ የሚያስቡትን ያህል ለሚስትዎ ቢያስቡ ምን ነበረበት!» አለች ዙሀራ።

«በቅሎዬ አትጨቀጭቀኝማ!» አለ፤ ሦስቱም ሳቁ።

ወዲያው ውሃው ከላይ እየጠቆረ መጣ። ጭቃ አልነበረም፤ ቀለም ነው። በዚህ ወንዝ ጥቁር ቀለም የሚወርደው ሐዘንተኛ ሴት ልብሷን ነክራ ስታለቀልቅ ብቻ ነው።

«ማን ሞቶ ይሆን? ጥሩምባ እኮ አልሰማንም» አለች ተሻለች።

«እስቲ ሂጂና እዪ፤ ለቅሶ ቀሩ ተብለን እንዳንታማ» አለ ወልደሰንበት።

ተሻለች ቀሚሷን እንደያዘች ዳር ዳሩን ወጣች። ላይ ሰው የለም። ዳር ያለው የክትክታ ቁጥቋጦ ላይ ግን አንድ ጥቁር ቀሚስ ተሰጥቶ ይንጠባጠባል። ክርኑ ተጥፏል፤ ከመጣፊያው አንዱ ጥግ ሳይሰፋ ቀርቷል። ትናንት ማታ እሷም የራሷን ቀሚስ ስትጥፍ ክር አልቆባት እንዲሁ ትታው ነበር። የያዘችውን ነጭ ቀሚስ እጅጌ ገልብጣ አየች። መጣፊያው አለ፤ ያልተሰፋው ጥግም አለ።

«ወልደሰንበት!» እያለች ቁልቁል ሮጠች።

ዙሀራ ለወንዙ ጀርባዋን ሰጥታ ምንጣፏን ትደበድባለች። የወልደሰንበት በቅሎ እስከ ጉልበቷ ጥቁር ውሃ ውስጥ ቆማለች፤ ግማሽ ጎኗ ታጥቧል።

የሚያጥባት ሰው የለም።