ሻሽ አሳሪዋ

ኢፍቱ መድረክ ላይ ከመውጣቷ በፊት ሻሿን የምታስርላት ታላቅ እህቷ ጁሀራ ብቻ ናት። ኢፍቱ ዐይኗን ጨፍና ትቀመጣለች፤ ጁሀራ ከኋላ ቆማ ሻሹን ትጠመጥምና ስትጨርስ ትከሻዋን ሁለቴ መታ መታ ታደርጋታለች። ዐይኗን የምትገልጠው ያኔ ነው። ቀድሜ ከገለጥኩ ድምፄ ይዘጋል ብላ ታምናለች።

ዛሬም ጎባ፣ ከሰርጉ ድንኳን ጀርባ ባለች ጠባብ ክፍል ዐይኗን ጨፍና፣ የሳነቴን ተራራ አቋርጣ ከደሎ መና የምትመጣውን ጁሀራን እየጠበቀች ተቀምጣለች። ከሰርግ ሰርግ ሲዞር የከረመው እግሯ አብጧል፤ ጉሮሮዋ ሻክሯል። ውጭ ኪቦርዱን ይሞክራሉ። በሩ ሲጢጥ አለና ጣቶች ፀጉሯን ሰብስበው ሻሹን መጠምጠም ጀመሩ።

"እጅሽ እንዴት ይቀዘቅዛል! ሳነቴ ተራራ ላይ ውርጭ ነበር እንዴ?"

መልስ የለም። ጁሀራ ስታኮርፍ እንዲህ ናት።

"አትቆጪኝ እንጂ ደክሞኛል። ከዛሬ ወዲያ አልዘፍንም።"

ጣቶቹ ቆም አሉ። ከዚያ ቋጠሮውን ጠበቅ አድርገው ሳቡት።

ጭኗ ላይ ያለው ስልክ ጠራ። ዐይኗን ሳትገልጥ ዳብሳ አነሳችው።

"ኢፍቱ ኮ፣ የኔ እህት፣ አፉ በይኝ" አለች ጁሀራ በስልኩ ውስጥ። "መኪናው ተበላሽቶብን ገና ደሎ መና ነን። ሻሽሽም እኔው ጋ፣ ቦርሳዬ ውስጥ ነው። ወላሂ፣ ዛሬን እንደምንም ሌላ ነገር እሰሪ።"

ኢፍቱ ስልኩን እንደያዘች፣ ዐይኗን እንደጨፈነች ቀረች።

ቀዝቃዛዎቹ ጣቶች ትከሻዋን ሁለቴ መታ መታ አደረጓት።